የማይታየው አንበጣ፦ የበረሃ አንበጣ መኖሪያና መሰወሪያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ አንበጣ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ መንገድ ይናገራል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ስለ አንድ ትንሽ በራሪ ፍጡር ሊናገር ሲነሣ፣ ከሙያው ምን አወጣው ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። የመሐንዲስ ሥራ አብዛኛው ገና ያልደረሰን ጉዳት አስቀድሞ አይቶ መከላከል ነው። የበረሃ አንበጣ ደግሞ ጉዳት ከማድረሱ በፊት ለዓይን የማይታይ፣ ከታየ በኋላ ግን ለመከላከል የሚያዳግት ፍጡር ነው። ስለሆነም «በምን እንግደለው?» ከማለት በፊት «የት እንፈልገው? እንዴትስ እንየው?» ማለት ግድ ይሆናል። ይህ ጥያቄ የነፍሳት ተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆን የእኛም ጥያቄ ነው።

በሀገራችን አንበጣ ሲባል በሁሉም ሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው ፀሐይን የሚጋርደው፣ ያረፈበትን ማሳ ባዶ አድርጎ የሚነሣው መንጋ ነው። ስለ መንጋው ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። እኔ ዛሬ ለመናገር የምወደው ግን መንጋ ከመሆኑ በፊት ስላለው አንበጣ ነው፤ ይኸውም ብቻውን የሚኖረው፣ አሸዋ ላይ ሲያርፍ አሸዋ፣ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ቅጠል የሚመስለው ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሁለት መልክ ያለው አንድ ፍጡር

የበረሃ አንበጣ በሳይንስ ስሙ ሺስቶሰርካ ግሬጋሪያ ይባላል። በትውልዱ ከፌንጣ ወገን ነው። አማርኛችን ለዚህ ወገን ከአንድ በላይ ስም አለው፤ ፌንጣ፣ አንበጣ፣ ኩብኩባ፣ ደጎብያ እያልን እንጠራዋለን። ኩብኩባ የምንለው ክንፍ ያላወጣውን፣ በመሬት ላይ እየዘለለ የሚሄደውን የአንበጣ ልጅ ነው። ፌንጣ የምንለው ደግሞ በየሣሩ ውስጥ አንድ አንድ እየሆነ የሚዘለውን፣ ማንንም የማያስፈራውን ነው። አንድ የቆላ ከብት ጠባቂ ብቸኛውን የበረሃ አንበጣ ቢያይ ፌንጣ ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ የዚያ የመንጋው ወገን ነው ብሎ አይጠረጥርም።

በዚህም ሊነቀፍ አይገባም። ራሳቸው የሳይንስ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የኖሩት በዚሁ አስተያየት ነበርና። ሎከስታ ሚግራቶሪያ የሚባለውን ሌላውን የአንበጣ ዓይነት በመንጋ ሲበር ሲያዩት አንድ ስም፣ ብቻውን ሲያገኙት ሎከስታ ዳኒካ የሚል ሌላ ስም ሰጥተውት ነበር። መልኩም ጠባዩም የተለያየ ስለሆነ ሁለት ዝርያ መስሏቸው ነበር። በ1921 ግን ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው የነፍሳት ሊቅ ሁለቱ አንድ ፍጡር እንደሆኑ፣ ልዩነታቸውም የዘር ሳይሆን የኑሮ ሁኔታ እንደሆነ አስረዳ። ያው አንድ እንስሳ ተራርቆ ሲኖር አንድ መልክና ጠባይ፣ ተጨናንቆ ሲኖር ሌላ መልክና ጠባይ ይይዛል ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ የምዕራፎች ንድፈ አሳብ ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ የበረሃ አንበጣም በዚሁ ሥርዓት እንደሚኖር ቀጥሎ የመጣው ጥናት አረጋግጧል።

ይህ ግኝት የተመራማሪዎችን ጥያቄ ለወጠው። ከዚያ በፊት «መንጋው ከየት መጣ? ወዴትስ ጠፋ?» ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መንጋው በእውነት ጠፍቶ እንደማያውቅ፣ ተበታትኖና መልኩን ለውጦ በረሃ ውስጥ እንደሚኖር ታወቀ። አንበጣ የሌለበት ዓመት የለም፤ አንበጣ የማይታይበት ዓመት እንጂ።

መኖሪያው

ብቸኛው አንበጣ የሚኖርበት ምድር ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ ሰሐራን፣ የቀይ ባሕርን ግራና ቀኝ፣ የዐረብን ምድር አቋርጦ እስከ ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ይዘልቃል። ስፋቱ 16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 30 ያህል አገሮችን ይነካል። ይህ የኢትዮጵያን የቆዳ ስፋት ከአሥራ አራት ጊዜ በላይ ይሆናል። በአብዛኛው ቦታ የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። መንጋ ሆኖ ሲወጣ የሚደርስበት ምድር ደግሞ ወደ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እስከ 60 አገሮችም ሊደርስ ይችላል።

እንዲህ ሰፊ በሆነ ምድር ላይ የተበተነን ትንሽ ፍጡር መፈለግ በባሕር ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ይመስላል። ነገር ግን ምድሩ ሰፊ ይሁን እንጂ፣ አንበጣው የሚመርጠው ቦታ ጠባብ ነው። የአንበጣ ሴት እንቁላሏን በማንኛውም አፈር ውስጥ አትጥልም። የሆዷን ጫፍ ወደ አፈሩ እየሰደደች ትመረምራለች፤ አፈሩ አሸዋማ ሆኖ ከገጹ በታች እርጥበት ካላገኘች ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። የተስማማትን ካገኘች ሆዷን እንደ መሰርሰሪያ እየሳበች ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ እንቁላሎቿን በአረፋ አሽጋ ትቀብራለች። እንቁላሉ ሲቀበር የሚያስፈልገውን ውኃ ሁሉ ይዞ አይቀበርም፤ ከአፈሩ መምጠጥ አለበት። አፈሩ ከደረቀ እንቁላሉም ይደርቃል።

ስለሆነም የዚህን ፍጡር ዕድል የሚወስነው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የአፈር ንብርብር ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ከእኛ መካከል የመንገድ መሠረትን ወይም የአፈር ግድብን እርጥበት ሲለኩ የኖሩ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዱታል። ጠንካራ ዝናብ በአሸዋማ ሜዳ ወይም በደረቅ ወንዝ ሸለቆ ላይ ሲወርድ ውኃው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ገጹ ቶሎ ይደርቃል፤ ከሥሩ ግን እርጥበቱ ለሳምንታት ይቆያል። በዚያው እርጥበት የበረሃ ዕፅዋት ይበቅላሉ። እንደ ኩርንችት ያሉ በመሬት ላይ የሚንፏቀቁ ተክሎች፣ እንደ ሄሊዮትሮፕዩም ያሉ ቁጥቋጦዎችና ልዩ ልዩ ሣሮች ለተፈለፈለው ልጅ ምግብም መጠለያም ይሆኑታል። ሞቃት በሆነ አፈር ውስጥ እንቁላሉ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ይፈለፈላል፤ ኩብኩባው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ቆዳውን እየገፈፈ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ክንፍ ያወጣል።

እንዲህ ያለው ቦታ በሀገራችንም አለ። ከድሬዳዋ እስከ አይሻ በባቡር ሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ፣ የኦጋዴን ቆላና የአፋር ዝቅተኛ ምድር የአንበጣ ተመራማሪዎች በየዓመቱ የሚጠብቋቸው ስፍራዎች ናቸው። በቀይ ባሕር በሁለቱም ዳር ያለው ጠባብ ሜዳ ደግሞ በክረምታችን ሳይሆን በበጋችን ወራት ዝናብ የሚያገኝ ስለሆነ፣ አንበጣው ከአንዱ የዝናብ ቦታ ወደ ሌላው በነፋስ ላይ ተሳፍሮ ይዘዋወራል። ነፋስ የሚነፍሰው ወደሚገናኝበት ስፍራ ስለሆነ፣ ነፋሳትም በሚገናኙበት ስፍራ ዝናብ ስለሚገኝ፣ አንበጣው መንገዱን ሳያውቅ ዝናቡ ዘንድ ይደርሳል።

ከመኖሪያው ጋር መመሳሰል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብቸኛው አንበጣ በዚህ ገላጣ ምድር ላይ ወፉ፣ እንሽላሊቱና ሌላው ጠላቱ እያለ እንዴት ይኖራል? መርዝ የለውም፤ የሚዋጋበት መሣሪያም የለውም። ያለው መከላከያ አለመታየት ብቻ ነው።

ይህም መከላከያ በሦስት ነገሮች የቆመ ነው። የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። ብቸኛው ኩብኩባ ለምለም ቅጠል ባለበት ቦታ አረንጓዴ ይሆናል። ተክሉ እየጠወለገ፣ ምድሩ እየደረቀ በሄደበት ቦታ ደግሞ የገለባ፣ የአሸዋ ወይም የቡና ቀለም ሊይዝ ይችላል። ቀለሙን የሚለውጠው እንደ እስስት በቅጽበት ሳይሆን በየጊዜው ቆዳውን ሲገፍፍ ነው። አረንጓዴነቱ በሰውነቱ ውስጥ ካለው የልጅነት ሆርሞን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የአየሩ እርጥበትና የአካባቢው ቀለም ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ደግሞ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ በክንፉ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ይህ ነጠብጣብ ደረቅ እንጨትና ጠጠር ባለበት አሸዋ ላይ ሲታይ የሰውነቱን ዳርቻ ይሰብረዋል፤ ዓይን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሊለይ አይችልም።

ሁለተኛው ጠባዩ ነው። ቀለም ብቻውን አይሰውርም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የቱንም ያህል ቢመሳሰል ይታያል። ብቸኛው አንበጣ በቀን ብርሃን በተክሉ ውስጥ ወይም በመሬቱ ላይ ጸጥ ብሎ ይውላል፤ ጠላት እስኪደርስበት ድረስም ላይነቃነቅ ይችላል። ረጅም በረራውን የሚያደርገው ፀሐይ ከገባች በኋላ በጨለማ ነው። ስለዚህ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር እንኳ የሚያየው የለም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ መራራቁ ነው። ብቸኛው አንበጣ ከወገኑ ይሸሻል። ከመራባት በስተቀር ሌላውን አንበጣ አይፈልግም። ይህም ራሱ መሰወሪያ ነው፤ አንዱን ያገኘ ወፍ በአጠገቡ ሁለተኛውን አያገኝምና ፍለጋው ትርፍ አይሰጠውም። ቀለሙ፣ ጸጥታውና መራራቁ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ አይበቁም። በእኛ አነጋገር ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ ነው ለማለት ይቻላል።

ከወፉ የተሰወረው ከእኛም ተሰውሯል። የአንበጣ ተቆጣጣሪ ዛሬም ቢሆን ብቸኛውን አንበጣ የሚያገኘው በጣም ቀላል በሆነ ዘዴ ነው። ለምለም ወደሆነው ቦታ በመኪና ይደርሳል፤ ከመኪናው ይወርዳል፤ እስከ ሦስት መቶ ሜትር ያህል በእግሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከእግሩ ሥር ብድግ ብለው የሚበሩትን ይቆጥራል። የሚቆጥረው አንበጣውን አይቶ ሳይሆን፣ አንበጣው ራሱ ደንግጦ ሲገለጥለት ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሊያየው አይችልም።

መሰወሩን የሚተውበት ጊዜ

ታዲያ ይህን የመሰለ መከላከያ ያለው ፍጡር ስለምን ይተወዋል? መልሱ ያለው ከመኖሪያው ነው።

መልካም ዝናብ በተከታታይ ሲዘንብ አንበጣው ይራባል። አንድ ትውልድ ሦስት ወር ያህል የሚፈጅበት ሲሆን፣ ሁኔታው ከተመቸው በአንድ ትውልድ ሃያ እጥፍ ሊበዛ ይችላል። በስድስት ወር አራት መቶ፣ በዘጠኝ ወር ስምንት ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ለምለሙ ሰፊ እስከሆነ ድረስ ቁጥሩ ቢበዛም ተራርቆ ለመኖር ይችላል። ዝናቡ ሲያቆምና ምድሩ ሲደርቅ ግን ለምለሙ እየተቆራረጠ እዚህም እዚያም እንደ ደሴት ይቀራል። አንበጣው ወደነዚያ ደሴቶች ይገፋል። በተመራማሪዎች እንደታወቀው፣ ያው የአንበጣ ቁጥር፣ ያው የተክል መጠን እያለ እንኳ፣ ተክሉ በአንድነት ተሰብስቦ የበቀለ ከሆነ አንበጣው ቶሎ ይለወጣል፤ ተበትኖ የበቀለ ከሆነ ግን ይዘገያል። ስለዚህ የሚወስነው ስንት አንበጣ አለ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ መኖሪያው እንዴት ተደልድሏል የሚለውም ነው።

በጠባብ ቦታ የተሰበሰቡት አንበጦች እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። በ2001 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ለለውጡ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የኋላ እግራቸው ጭን መነካት ነው። በሙከራ ቤት ውስጥ ብቻውን ያደገን አንበጣ የኋላ እግር በቀጭን ብሩሽ ለጥቂት ሰዓቶች በመነካካት፣ ሌላ አንበጣ አይቶ የማያውቀው ፍጡር ወደ ወገኖቹ የሚሄድ ለመሆን በቅቷል። በ2009 ደግሞ ይህን ለውጥ በነርቩ ውስጥ የሚያስከትለው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንደሆነ ተረጋገጠ፤ ሴሮቶኒኑ ሲታገድ አንበጣው ቢጨናነቅም አልተለወጠም፤ ሴሮቶኒን ሲሰጠው ግን ብቻውን ሆኖም ተለወጠ። ሲሸሽ የነበረው በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚፈላለግ ይሆናል።

ጠባዩ በሰዓታት ሲለወጥ ቀለሙ በየቆዳ መግፈፉ ይከተለዋል። ኮራዞኒን የተባለ ሆርሞን በሰውነቱ ላይ ጥቁር ቀለም እንዲወጣ ያደርጋል። አረንጓዴ የነበረው ኩብኩባ ጥቁርና ቢጫ ይሆናል። ክንፍ ሲያወጣ በመጀመሪያ ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ተጨናንቃ የኖረች እናት የምትጥለው እንቁላል በቁጥር ያነሰ ሲሆን፣ የሚፈለፈሉት ልጆች ግን ተለቅ ያሉና ከመጀመሪያው ጠቆር ያሉ ናቸው። ለውጡ ወደሚቀጥለው ትውልድ ይሸጋገራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ጥቁርና ቢጫው የመሰወር ጉድለት አይደለም፤ ሌላ መከላከያ ነው። ብዙ ሆኖ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ፍጡር ሊሰወር አይችልም። ስለዚህ መሰወሩን ትቶ ማስጠንቀቅን ይመርጣል። ጥናቶች እንዳስረዱት፣ በመንጋ የሚኖረው ኩብኩባ ሂዮስያመስ የተባለውን መርዛማ ተክል ይበላል፤ ብቸኛው ግን ይህን ተክል ይሸሸዋል። መርዛማውን ተክል የበላ ኩብኩባ ለእንሽላሊት የማይበላ ይሆናል፤ እንሽላሊቱም ደማቅ ቀለም ያለውን መተው ይማራል። ብቸኛው «አትየኝ» ሲል፣ የመንጋው «አይተኸኝ ተወኝ» ይላል። ሁለቱም ቃል ለጠላት የተነገረ ነው።

እኛ ሰዎች ደግሞ አንበጣውን የምንሰማው በሁለተኛው ቃሉ ጊዜ ብቻ ነው።

ያልታየው ሲታይ

ይህ ከባድ ነገር መሆኑን በቅርብ ዘመን ታሪክ ላሳያችሁ። በ2018 በግንቦት ወር መኩኑ፣ በጥቅምት ወር ደግሞ ሉባን የተባሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥተው በዐረብ ምድር ደቡብ ያለውን ባዶ ሩብ የሚባለውን ታላቅ በረሃ በዝናብ አራሱት። ያ በረሃ ከዓለም ትልልቅ የአሸዋ ምድሮች አንዱ ነው፤ መንገድም ነዋሪም የለበትም ለማለት ይቻላል። የአሸዋው ሥር ረጠበ፤ ተክል በቀለ፤ ብቸኛው አንበጣም ሦስት ትውልድ ያህል ተራባ። አስቀድሜ በነገርኳችሁ ስሌት ስምንት ሺህ እጥፍ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ያየው ሰው አልነበረም።

በ2019 መባቻ ላይ መንጋ ሆኖ ወጣ። ከፊሉ ወደ ኢራን፣ ከፊሉ ወደ የመን ሄደ። በየመን በጦርነቱ ምክንያት ቁጥጥሩ ተዳክሞ ስለነበር በዚያም ተራባ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ገባ። በታኅሣሥ ወር ፓዋን የተባለ ሌላ ዐውሎ ነፋስ ሶማሊያን በዝናብ መታ፤ መንጋውም እየበዛ ኬንያ ደረሰ። በኬንያ በሰባ ዓመት፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረርሽኝ ተባለ። በጥር 2020 በድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመንጋው ጋር ተጋጭቶ መስተዋቱ ስለ ተሸፈነበት ለማረፍ ሳይችል ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተገደደ።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል። አንዱ አንበጣ 2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን የሚበላውም የክብደቱን ያህል ነው። በዝቅተኛው ቁጥር እንኳ ብናሰላው በቀን 80 ቶን ይሆናል፤ ይህም 35,000 ሰው በቀን የሚመገበው ያህል ነው። በሀገራችን በ2020 የመጀመሪያ ወራት 200,000 ሄክታር የታረሰ መሬት ተጎድቶ ከ356,000 ቶን በላይ እህል ጠፍቷል፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብም ለምግብ እርዳታ ተዳርጓል። በ1958 የደረሰው ጥፋትም 167,000 ቶን እህል እንደነበረ ይታወሳል። ከእያንዳንዱ ቶን በስተ ጀርባ ዓመቱን ሙሉ የደከመ አራሽና የሚቀመስ ያጣ ቤተሰብ አለ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ጉዳት በ2018 ባዶ ሩብ ውስጥ ነበረ። በአሸዋና በቅጠል ቀለም ተሸፍኖ፣ ጸጥ ብሎ፣ ተራርቆ ተቀምጦ ነበር።

ለሙያችን የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ የሚሰወረውን ፍጡር ለማግኘት ፍጡሩን ሳይሆን መኖሪያውን መከታተል እንደሚገባ ነው። አንበጣው ቀለሙን ይለውጣል፤ የሚራባበት አፈር ግን እርጥበቱን ሊሸሽግ አይችልም። በሮም የሚገኘው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የአንበጣ መረጃ ክፍል በየዕለቱ የሚመለከተው ይህንኑ ነው፤ የዝናብ ግምት፣ ከሳተላይት የሚገኝ የልምላሜ ሥዕል፣ የአፈር እርጥበት መጠን። ሳተላይት አንበጣን አያይም። በሥዕሉ ላይ አንዷ ነጥብ በምድር ላይ 250 ሜትር በ250 ሜትር ስትሆን፣ በበረሃ ላይ ሳሳ ብሎ የበቀለ ተክል ራሱ ሊያመልጣት ይችላል። ነገር ግን ከ16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሰው በእግሩ ሊሄድበት የሚገባውን ጥቂት ቦታ ትጠቁማለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእግረኛው ነው። መሣሪያው እግረኛውን አይተካውም፤ እግረኛውም ያለ መሣሪያው የት እንደሚሄድ አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ኩብኩባው ገና ክንፍ ሳያወጣ፣ በጥቂት ሄክታር ላይ ተሰብስቦ ሳለ ቢደረስበት በጥቂት መድኃኒት ይገታል። በሶማሊያ በ2020 በሰፊው የተረጨው ሜታራይዚየም የተባለው ፈንገስ አንበጣንና የቅርብ ዘመዶቹን እየገደለ ለንብና ለከብት ጉዳት የሌለው ነው፤ ሆኖም ቀስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ቀድሞ ላየ ብቻ ነው። ዘግይቶ ያየ ሰው በሰፊ ምድር ላይ ብዙ መርዝ ከመርጨት በቀር ምርጫ አይኖረውም፤ ያም ከአንበጣው ጋር ንቡንም ይፈጃል።

ሦስተኛው ነገር የገንዘብ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከ2003 እስከ 2005 የደረሰውን ወረርሽኝ ለመግታት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። በዚያው አካባቢ ለቅድመ ጥበቃ በዓመት የሚያስፈልገው 3.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ ተገምቷል። ማካፈሉን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ጥበቃ ማለት ነው።

ታዲያ ስሌቱ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ ስለምን አይሠራበትም? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ያው የአንበጣው መሰወር ነው። አንበጣ በማይታይበት ዓመት ጠባቂው ሥራ የሌለው ሰው ይመስላል። መኪናው ለሌላ አገልግሎት ይወሰዳል፤ የነዳጁ በጀት ይቀነሳል፤ ልምድ ያለው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ የሚተካው አይቀጠርም። እንዲህ ሆኖ ጥቂት ጸጥ ያሉ ዓመታት ካለፉ በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ሜዳው ላይ የሚሄድ እግረኛ አይኖርም። አንበጣው ከወፍና ከእንሽላሊት ለመሰወር ያገኘው ጥበብ ከበጀት መዝገብም ሰውሮታል።

ይህ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድልድዩ እስኪናድ ድረስ በምሰሶው ሥር ያለውን አፈር ወንዙ እየቦረቦረው መሆኑን ማን ያየዋል? የግድብ ሥርገት የሚለካው ሰው በደህናው ዓመት ስለ ልፋቱ ማን ያመሰግነዋል? የጥገና ሥራ ውጤቱ አንድ ነገር አለመድረሱ ስለሆነ፣ በደንብ የተሠራ ጥገና የማይታይ ነው። በዚህ ረገድ የአንበጣ ጠባቂውና እኛ የአንድ ሙያ ሰዎች ነን።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህን ተረድተው በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አቋቁመዋል። አንበጣ ድንበር ስለማያውቅ ጠባቂዎቹም ድንበር ሳይከለክላቸው መተባበር እንዳለባቸው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ያ አሳብ ዛሬም ትክክል ነው። አሳብ ግን በየዓመቱ ነዳጅና ሰው ካላገኘ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ምን እናድርግ?

ንግግሬን በአቤቱታ ብቻ እንዳላበቃ፣ በማኅበራችን አቅም ሊሠራ የሚችል ሁለት ነገር ላቀርብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ከመካከላችን ብዙዎች በአፋር፣ በሶማሌና በድሬዳዋ ቆላዎች በመንገድ፣ በባቡር፣ በውኃ ጉድጓድና በመስመር ዝርጋታ ሥራ ላይ ይገኛሉ። የአንበጣ ጠባቂው በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስበት ቦታ ላይ የእኛ ሰዎች ወራት ይቆያሉ። በየካምፑ የዝናብ መለኪያ ማቆም፣ መቼና ምን ያህል እንደዘነበ መመዝገብ፣ ሜዳው መቼ እንደለመለመ ጽፎ ለቅርቡ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አፈር ስንቆፍርም ከሥሩ ያለውን እርጥበት እናያለን፤ ያየነውን ብንጽፈው ለሌላው ሰው ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። በሥራ ቦታችን ፌንጣ የመሰለ ነገር ከእግራችን ሥር ከወትሮው በዝቶ ብድግ ካለ፣ ፌንጣ ነው ብለን ሳናልፍ እናስታውቅ። አካባቢውን ከእኛ በተሻለ የሚያውቁትን አርብቶ አደሮች ጠይቀን የነገሩንን ብናስተላልፍ ደግሞ መረጃው ይበልጥ የተሟላ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የበጀትና የዕቅድ ውይይት ላይ የምንቀመጥ አባላት ለጸጥታው ዓመት ጠበቃ እንሁን። መንጋው ሲመጣ ገንዘብ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሜዳው ጸጥ ባለበት ዓመት «ይህ መኪና ከዚህ አይወሰድ፤ ይህ ሰው ከዚህ አይነሣ» የሚል ግን ያስፈልጋል። ይህን ለማለት ከመሐንዲስ የተሻለ ምስክር የለም፤ ያልፈረሰ ነገር ስለምን እንዳልፈረሰ የሚያውቅ እሱ ነውና።

የበረሃ አንበጣ ክፉ ፍጡር አይደለም። ዝናብ በማይታመንበት ምድር ላይ ለመኖር ሁለት መልክ የተሰጠው፣ ሁለቱንም በየጊዜያቸው የሚያውቅባቸው ፍጡር ነው። መሰወሩንም ሆነ መገለጡን የሚወስንለት መኖሪያው ነው። እኛም መኖሪያውን ካወቅን ገና ተሰውሮ ሳለ እንደርስበታለን፤ ካላወቅን ግን ራሱ በመረጠው ጊዜ፣ በቢጫ ቀለሙ ይገለጥልናል። ያን ጊዜ መታየቱ አይጠቅመንም።